«ነፍሰ ጡር ናት?» ለሚለው ጥያቄ ልጅ አይመልስ



ከሀቢቾና ከዙሪያው ቀበሌዎች እናቱን ይዞ ሆሳዕና ለሕክምና የመጣ ወጣት ይህን ያውቀዋል። እናት ሀዲይሳ እንጂ አማርኛ አትችልም። ስለዚህ ካርድ የሚያወጣው ልጅ ነው፤ ለሐኪሙ የሚያስረዳውም ልጅ ነው። ራጅ ክፍሉ በር ላይ «ነፍሰ ጡር ናት?» ተብሎ የሚጠየቀውም እሱው ነው። አንገቱን ደፍቶ «አይደለችም» ይላል። እናቱን አልጠየቃትም። እንዴት ብሎ ይጠይቃት?

ከመካከላችን አንዱ በአንድ የግል ክሊኒክ ልክ እንዲህ አድርጓል። እናቱ ያኔ አርባ ዓመት አልሞላትም ነበር። ከሳምንታት በኋላ ማርገዟ ታወቀ። የተነሣችው የደረት ራጅ ስለነበር ለጽንሱ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ትንሽ ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ልጁም ደህና ተወለደ። ወንድማችን ግን እስክትወልድ ድረስ እንቅልፍ አልነበረውም። ክሊኒኩ አልጠየቀም አይባልም፤ ጠይቋል። የጠየቀው ግን የማያውቀውን ሰው ነው።

ጥያቄው ለወግ የሚጠየቅ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ሐኪም አሊስ ስቲዋርት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በካንሰር የሞቱ ሕፃናትን እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ምን እንደገጠማቸው አስጠየቀች። ሆዳቸውን ራጅ የተነሡ እናቶች ልጆች በካንሰር የመሞት ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሐኪሞች ይህን ለመቀበል ዓመታት ፈጀባቸው። ልብ በሉ፣ ነገሩ የተገለጠው እናቶቹ ራሳቸው ስለተጠየቁ ነው።

ይህን ስንል ማንንም ከምርመራ ለማስፈራራት አይደለም። ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በየዓመቱ በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ጨረር ያገኘናል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን 10 ገደማ ይደርሳል፤ «ሲቲ ይታዘዝልኝ» እያላችሁ ሐኪም የምታስጨንቁ ወንድሞች ይህችን ቁጥር ያዙልን። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ይህ ዓይነት ጨረር የላቸውም። ሳል የበረታባት ነፍሰ ጡር ለቲቢ የታዘዘላትን የደረት ራጅ በፍርሃት ብትተው ጉዳቱ የባሰ ነው። ሐኪሙ ግን አውቆ መወሰን አለበት።

ትክክለኛው ጥያቄ ደግሞ «የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» የሚለው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሴትዮዋ ራሷም ላታውቅ ትችላለችና። ይህን ወንድ ልጅ እናቱን አይጠይቅም፤ ወንድምም እህቱን። ሀያእ ነው እንላለን። ሀያእ መልካም ነው፤ ግን ሀያእ ጥያቄውን ለሴት አሳልፎ መስጠት እንጂ ከራስ መልስ ፈጥሮ መናገር አይደለም። «እኔ አላውቅም፣ ሴት ነርስ ትጠይቃት» ማለት ምን ያሳፍራል?

ከጤና ተቋማቱም የምንጠብቀው አለ። ጨረር የሚጠቀም ተቋም ፈቃድ እንዲኖረው አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ያስገድዳል። በሩ ላይ ግን ሀዲይሳም ከምባትኛም የምትችል አንዲት ሴት ሠራተኛ፣ ከሰው ፈንጠር አድርጋ ብትጠይቅ ብዙ ወጪ የለውም። ይህ አሠራር በሀዲያው ገራድ ልጅ በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም በሚጠራው የሆሳዕና ሆስፒታል አርአያነት ቢኖረው ደስ ይለናል። የጤና ተማሪ የሆናችሁ እህቶችም በየጀመዓችሁ ለእናቶች አስረዱ፤ እኛ ወንዶቹ ልንሠራው የማንችለው ሥራ ነው።

ስለ እስፒልም አንድ ነገር እንበል። የሒጃብ እስፒልና የአንገት ሐብል በፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ ራጁ እንዲደገም ያደርጋል፤ መደገም ማለት ሌላ ጨረር ነው። ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ደግሞ ብረት ይሳባል። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ ግዛት የ6 ዓመት ልጅ የሞተው ማግኔቱ በሳበው የኦክስጅን ሲሊንደር ተመትቶ ነው። ስለዚህ እስፒሉን ቤት ትታችሁ በጥብቅ የሚታሰር ሻሽ አድርጋችሁ ሂዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሻሹን ማውለቅ አያስፈልግም፤ ካስፈለገም ሴት ባለሙያ መኖሯን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ታናሽ ወንድማችሁን እንድትይዙ ወደ ራጅ ክፍል ከተጠራችሁ የእርሳሱን ሽርጥ ሳትለብሱ አትግቡ። የእናታችሁን የድሮ ፊልምም ከፍራሽ ሥር አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምናልባት አዲስ መነሣት ላያስፈልጋት ይችላል።