የቅሬ ጉልበትና ዳርቻው

በወሎ ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል ወይም የገበሬ በሬ ገደል ሲገባ አስቀድሞ የሚደርሰው ቅሬ ነው። ቅሬ በሌላው አገር እድር ከሚባለው ማኅበር ጋር ቢቀራረብም ሥልጣኑ ሰፋ ይላል፤ ቀብር ከማስፈጸም አልፎ የተጣላ ያስታርቃል፣ ያጠፋ ይቀጣል። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው እሳት የሚጫጫረው፣ በሐዘኑ ቀን የሚደርስለት ጎረቤት የለውም። መዋጮው በወቅቱ የሚሰበሰበውም በዚህ ፍርሃትና መተማመን ነው።

በአማራ ክልል በከሚሴና በመላው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ ዘካና ሰደቃ ከቅሬ ጎን ይቆማሉ፤ ጉልበት ያጠረው ደግሞ በደቦ ይታረስለታል። ለዚህ ሁሉ የተረጂ መመልመያ ቅጽ አያሻም። የማን ጎተራ እንደተራቆተ፣ ማን ከብቱን ሸጦ እንደጨረሰ ሰፈሩ ያውቃል። የትኛውም የእርዳታ ድርጅት በጥናት ሊደርስበት የሚደክመው ይህ ዕውቀት በቅሬ ዳኛ እጅ በነጻ ይገኛል።

ዳርቻው የሚታየው መከራው የአንድ ቤት መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ሲሆን ነው። በዝናብ ከበቀለ እህል ዘካው ዐሥር እጅ አንዱ፣ በመስኖ ከለማው ሃያ እጅ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ድርቅ ምርቱን ሲያመክን ዘካውም አብሮ ይመክናል። ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ሰማይ ጠባቂ ናቸው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ያራቆተው ረኃብ፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ባቲን የረኃብተኛ መጠለያ ያደረጋት እልቂት የደረሱት ሕዝቡ መረዳዳት ስለተወ አልነበረም። የሚረዳዳበት ነገር ስላለቀ ነው።

የመንግሥት ተቋማት አስፈላጊነት እዚህ ላይ ነው፤ ሀብትን ዝናብ ካልቀረበት ቦታ ያመጣሉ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም ባቲን የመሳሰሉ ወረዳዎችን አቅፎ በየዓመቱ፣ መሥራት ለሚችለው ለስድስት ወራት ያህል በእርከንና በመንገድ ሥራ፣ ለአቅመ ደካማው በቀጥታ ድጋፍ፣ እህል ወይም ገንዘብ ይሰጣል። ችግሩ ኮታው ነው። ከላይ የሚወርደው ቁጥር ከችግረኛው ብዛት ሲያንስ ጎረቤታሞች የተሰጠውን ይከፋፈሉታል፣ ድርሻውም ለማንም የማይበቃ ይሆናል። ይህን ማከፋፈል እንደ ጥፋት ብቻ ማየት ስህተት ነው፤ አብሮ የሚኖር ሕዝብ ዛሬ በሴፍቲኔት የታቀፈው ሰው ነገ ከጎረቤቱ እንዳይቆራረጥ የሚወስደው ጥንቃቄ ነው።

ከድርቅም የከፋው ፈተና የመጣው በጦር መሣሪያ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ አካባቢ የተነሣው ግጭት ብዙ ሰው አፈናቀለ፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከሚሴ ገባ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳና ሲቆረጥ የእርዳታ መኪናም አብሮ ቆመ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለተፈናቃይ የሚቀረው ዘመድና ጎረቤት ነው፤ ግጭት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያቆስለው ይህንኑ ጉርብትና ነው። ደም የተቃባውን ወገን አባጋር በሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ ፊት ማስማማት የቆየ የወሎ ሥርዓት ነውና እርቅን ከእርዳታ ለይቶ በጀት መያዝ ለዚህ አካባቢ አይመችም። በገበያ መገናኘት ያቆመ ሕዝብ በምጽዋት ብቻ አይጠግብም።

ቅሬም እንከን አለበት። መዋጮ መክፈል ያቃተው፣ ትናንት የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ከሌላ ቀበሌ የተፈናቀለ ቤተሰብ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል፤ ከሁሉ የሚቸገረውም እሱ ነው። መፍትሔው ቅሬን የቀበሌ ክንድ ማድረግ አይደለም፤ የመንግሥት ማኅተም የተመታበት ቅሬ ታማኝነቱን ያጣል፣ ታማኝነቱን ካጣ ደግሞ የሚቀረው ባዶ ሣጥን ነው። የሚበጀው ድርጅቶች ደህና ዓመት ላይ ከቅሬዎች ጋር ተዋውለው የመጠባበቂያ እህልና ገንዘብ አስቀድመው ማስቀመጣቸው፣ በምላሹም ቅሬው መዋጮ የማይከፍለውንና መጤውን እንዲያካትት ማድረጋቸው ነው። ለመጀመሪያ እርምጃ ግን አዲስ በጀት እንኳ አይጠይቅም፤ የእርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት በቅሬው ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ።