የጠፋችው ደረጃ

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ "ቲቸር፣ ፒኤችዲዬን በቶፖሎጂካል ጆሴፍሰን ጀንክሽን ላይ ልሥራ ወይስ ነገሩ ባዶ ወሬ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ሌሎቻችሁንም ስለሚመለከት እዚሁ ልጻፈው።

ጀንክሽኑ ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች ናቸው፣ መሐላቸው ቀጭን ሌላ ነገር። ብሪያን ጆሴፍሰን እ.ኤ.አ. በ1962፣ ገና የ22 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ "በዚህ መሐል ያለ ቮልቴጅ ከረንት ያልፋል" አለ። አንጋፋው ጆን ባርዲን አልተቀበለውም ነበር። ልጁ ልክ ሆነ፣ በ1973 ኖቤል ወሰደ። ማይክሮዌቭ ሲለቀቅበት ደግሞ ቮልቴጁ እንደ ደረጃ እየዘለለ ይወጣል፤ በ10 ጊጋኸርዝ አንዷ ደረጃ 20.7 ማይክሮቮልት ገደማ ናት።

አሁን መሐሉ ላይ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር እናስገባ፤ ውስጡ ከረንት አያሳልፍም፣ ቆዳው ግን ያሳልፋል። ቲዎሪው ምን ይላል? ማዮራና የሚባለው ስቴት ካለ የከረንቱ ዑደት እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ጎደሎ ቁጥር ያላቸው ደረጃዎች ይጠፋሉ። በ2016 የቩርዝቡርግ ተመራማሪዎች በሜርኩሪ ቴሉራይድ ሞክረው የመጀመሪያዋን ደረጃ አጧት። እኔም ክፍል ገብቼ "ተገኘ!" ብያችኋለሁ፤ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ።

ቸኩዬ ነበር። በ2021 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቶፖሎጂካል ባልሆነ የኢንዲየም አርሴናይድ ጀንክሽን ላይ ያቺው ደረጃ ስትጠፋ አሳየ። ጀንክሽኑ ኤሌክትሮን በደንብ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹ ከአንዱ የኢነርጂ ደረጃ ወደ ሌላው እየዘለሉ ማዮራናን ያስመስላሉ። (በዚያው ዓመት የዴልፍት ቡድን በ2018 ኔቸር ላይ ያወጣውን የማዮራና ጽሑፍ አዘጋጆቹ ራሳቸው አነሡት። እሱ እንኳ በናኖዋየር ላይ የተሠራ ሌላ ልኬት ነው።)

ታዲያ ሜዳው ሞቷል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በቶፖሎጂካል ነገር ውስጥ ሱፐርከረንት መፍሰሱ በልኬት የተረጋገጠ ነው፤ የሚያከራክረው ማን እንደሚሸከመው ነው። ይህ ደግሞ ለወጣት የሚሆን ጥያቄ ነው እንጂ የሚያስሸሽ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ አንዲት ደረጃ በጠፋች ቁጥር ኳንተም ኮምፒውተር ደረሰ የሚለው ጩኸት ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ግባበት። ግን ከመፈረምህ በፊት አማካሪህን "ቶፖሎጂካል ያልሆነ ናሙና ጎን ለጎን እንለካለን ወይ?" ብለህ ጠይቀው። ካንገራገረ ሌላ ላብ ፈልግ። መልሱን እዚህ ኮመንት ላይ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።