ወርቅ ቅብ ጌጥ፦ አያያዙና አደጋው

ጌጥ ለሴት ልጅ መዋቢያ ብቻ አይደለም። በሠርግ ቀን ተሰጥቶ፣ ከእናት ለልጅ ተላልፎ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም ተሽጦ ቤተሰብን የሚደግፍ ጥሪት ነው። በቂሊንጦ ኮንዶሚኒየሞች የምትኖሩ እናቶችና በአካባቢው ፋብሪካዎች የምትሠሩ እህቶችም ይህን ሳትገነዘቡት አትቀሩም። የቤት ዕቃው በሙሉ ቢለወጥ እንኳ ከእናት የተወረሰው ድሪ፣ አምባር ወይም የአንገት መስቀል በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል።

በዓል በተቃረበ ቁጥር ይኸው ሣጥን ይከፈትና ጌጡ ለመጽዳት ይወጣል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ጊዜ በሚፈጸሙ ሁለት ስሕተቶች ላይ ነው። የመጀመሪያው ጌጡን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ግን የሰውን ጤና ይጎዳል።

በቅድሚያ ጌጡ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን ከሚገኙት አሮጌ የብር ጌጦች በርካታዎቹ ማርትሬዛ ከሚባለው ጠገራ ብር የተሠሩ ናቸው። 1780 የሚል የአውሮፓውያን ዓመት የታተመበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ጠገራው ከገበያ እየወጣ ቢሄድም፣ አንጥረኞች እያቀለጡ ጌጥ ሲሠሩበት ቆይተዋል።

የብርና የመዳብ ዕቃን በስሱ ወርቅ መለበጥም የቆየ ጥበብ ነው። ከአክሱም ነገሥታት የብርና የነሐስ ሳንቲሞች መካከል በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ብቻ በወርቅ የተለበጡ ይገኛሉ። ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ በሆላንድ አገር ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የ18ኛው መቶ ዓመት ዘውድም ወርቅ የተቀባ መዳብ ነው። ስለሆነም ወርቅ ቅብ ማለት የማታለያ ዕቃ ማለት አይደለም። የሚያታልለው፣ ቅብ መሆኑን ደብቆ እንደ ንጹሕ ወርቅ የሚሸጠው ሰው ነው።

የቅብ ጌጥ ባሕርይ የወርቁ ሽፋን እጅግ ስስ መሆኑ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጥሩ የሚባል ቅብ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ያህል ነው። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ሲሆን፣ የራስ ፀጉር ከዚህ ቅብ 20 ጊዜ ያህልና ከዚያም በላይ ይወፍራል። የገጹ ስፋት 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጌጥ 2.5 ማይክሮን ወርቅ ቢቀባ በላዩ ያለው ወርቅ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ይህን ስስ ሽፋን በአመድ፣ በአሸዋ፣ በድስት ሽቦ ወይም በጥርስ ሳሙና መፈግፈግ ወርቁን ከእጣቢው ጋር መድፋት ማለት ነው።

ብዙ እናቶች ለመፈግፈግ የሚገፋፋቸው ጥቁሩ ነው። ብር የሚጠቁረው ግን ስለ ቆሸሸ ብቻ አይደለም። በአየር፣ በእንቁላል፣ በሽንኩርትና በላስቲክ ውስጥ ከሚገኘው ድኝ ጋር ሲዋሐድ ነው። አንጥረኞችም ይህንኑ ጠባዩን በመጠቀም ብሩን ሆን ብለው በድኝ ያጠቁሩትና ጎልቶ የወጣውን ክፍል ብቻ መልሰው ይወለውሉታል። ያን ጊዜ ጎድጓዳው ጨልሞ፣ ጫፉ አብርቶ የእጅ ሥራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጎድጓዳው ውስጥ ያለውን ጥቁር ጠራርጎ ማውጣት የአንጥረኛውን ድካም ማጥፋት ይሆናል።

በመሆኑም ጌጡን በሚከተለው መንገድ መያዝ ይበቃል።

አንደኛ፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና እጠቡት። ከዚያም በንጹሕ ውኃ አለቅልቁና በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ሳትፈትጉ አድርቁት። በክር የተሰካ ድሪ ከሆነ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ቅብ ያልሆነና ጥለት የሌለው ልሙጥ ብር ከጠቆረ፣ በአሉሚኒየም ፎይል ላይ አስቀምጣችሁ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ሙቅ ውኃ ብታፈሱበት ጥቁሩ ይለቃል። ጥለት ባለው ጌጥ ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ የተፈለገውንም ጥቁር አብሮ ያነሣዋል።

ሦስተኛ፣ በረኪና የብርም የቅብም ጠላት ነው። ልብስ ስታጥቡና ወለል ስትወለውሉ ቀለበትና አምባር አውልቁ። በቂሊንጦ ወደሚገኙት የመድኃኒትና የቢራ ፋብሪካዎች ለሥራ የምትገቡም ጌጣችሁን እቤት ብትተዉት ለንጽሕናም፣ ከማሽን አደጋ ለመጠበቅም ይበጃል።

አራተኛ፣ ጌጡን በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በላስቲክ አትሰሩት።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ቅቡ የለቀቀ ጌጥ እንደ ገና ይቀባልን የሚሉ እናቶች አሉ። ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት በዓለም ዙሪያ የተለመደው ዘዴ በባዜቃ መቀባት ነበር። ወርቁ በስሱ ይከተከትና ከሞቀ ባዜቃ ጋር ተዋሕዶ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል። ያን በጸዳው ብር ላይ ይቀቡትና ከሰል እሳት ላይ ያሞቁታል። ባዜቃው በንኖ ይሄዳል፤ ወርቁ ይቀራል። በመጨረሻም ደብዛዛው ወርቅ በለስላሳ ድንጋይ ተፈትጎ ያበራል።

በንኖ የሄደው ባዜቃ ግን አልጠፋም። ትነቱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በትንፋሽ ገብቶ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል። እጅ ያንቀጠቅጣል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ የማስታወስ ችሎታን ይቀንሳል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት በማሕፀን ያለ ፅንስና ሕፃናት ናቸው። በወለል ስንጥቅና በምንጣፍ ውስጥ የገባ ጠብታ እሳት ባይነካውም ለብዙ ጊዜ መትነኑን አያቆምም። ምግብ በሚበስልበትና ልጆች በሚተኙበት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ጎረቤትም ግድግዳ ለግድግዳ በሚኖርበት ሕንፃ፣ ይህን ሥራ መሥራት በቤተሰብና በጎረቤት ላይ መርዝ መርጨት ነው። «ጥቂት ነው፤ መስኮት እከፍታለሁ» ማለትም አያድንም።

ስለዚህ ጌጣችሁን ለማስቀባት ስትሄዱ «በባዜቃ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ?» ብላችሁ ጠይቁ። በኤሌክትሪክ የመለበጥ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1840 በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ የባዜቃውን ዘዴ እየተካ መጥቷል። ይሁን እንጂ በፈሳሹ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሳያናይድ የሚባል ብርቱ መርዝ ስለሚኖር፣ ይህም በአየር ማስወጫ በተሟላ ወርክሾፕ እንጂ በቤት የሚሞከር አይደለም። ዝቃጩም ወደ ቦይ ሊደፋ አይገባም፤ የአካባቢያችን ቦይ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፤ በወንዙ ውኃ የሚያለማና ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ።

ስትገዙም ሆነ ስትሸጡ አትቸኩሉ። ቀለበት ከሆነ ውስጡን፣ ጉትቻ ከሆነ መንጠቆውን፣ ድሪ ከሆነ እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቦታ ተመልከቱ። ነጭ ከታየ ሥሩ ብር፣ ቀይ ከታየ መዳብ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ወርቅ መጠኑ እኩል ከሆነ ብር በእጥፍ ገደማ ይከብዳል። የካራቱን ቁጥርም ጠይቁ፤ 18 ካራት ማለት ከ100 እጅ 75ቱ ወርቅ ማለት ነው። ጌጡ ለጥገና ሲገባና ሲወጣ በፊታችሁ ይመዘን፤ ክብደቱም በደረሰኝ ላይ ይጻፍ።

ቅቡ ቢለቅም ከሥሩ ያለው ብር ዋጋው አልወደቀም። የእናታችሁ አምባር በጥቂት ቦታ ነጭ ቢያሳይ በወዙ እንዳለ ብታስቀምጡት ይሻላል። ለልጆቻችሁ ጌጡንም ጤናቸውንም አብራችሁ አቆዩላቸው።