የሠራተኛውን ታሪክ ከሠራተኛው ጋራ መጻፍ

የአውሮፓን ታሪክ በትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ፣ የነገሥታቱን የስም ተራና የጦርነቶቹን ዘመን፣ በቪየና የተደረገውን ጉባኤና በቬርሳይ የተፈረመውን ውል በቃላችን አጥንተን ለፈተና አቅርበናል፤ ዳሩ ግን ያንን ሁሉ ሠራዊት ያለበሰው ሸማኔ ማን እንደ ነበረ፣ የመርከቡንና የባቡሩን ከሰል ከምድር ሆድ ያወጣው ቆፋሪ በቀን ስንት ሰዓት ይደክም እንደ ነበረ፣ ልጆቹንስ ወዴት ያስተምር እንደ ነበረ የጠየቀን መምህር ጥቂት ነው። ይህም የመምህራኖቻችን ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ራሳቸው ለብዙ ዘመን ታሪክን የቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ዜና መዋዕል አድርገው ሲጽፉ ኖረዋልና፣ እኛም የተቀበልነው እነርሱ የሰጡንን ነው።

ነገሩ የተለወጠው በሃያኛው መቶ ዘመን ነው። ዛሬ የእንግሊዝ የእጅ ሸማኔ፣ የፈረንሳይ ባላገር፣ የስዊድን የሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኛ ታሪክ በታላላቅ ድርሳናት ተጽፎ በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። ይህ ለውጥ ከወዴት መጣ ቢባል፣ ብዙዎች ከቤተ መዛግብት ሀብትና ከፕሮፌሰሮች ሊቅነት ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠው ምንጭ ሠራተኛው የቀን ሥራውን ፈጽሞ በማታ የሚማርበት ክፍል ነው እላለሁ፤ በዚያ ክፍል መምህሩና ተማሪው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ የመጽሐፍን ሌላው የኑሮን ምስክርነት እያቀረበ፣ ሁለቱም እየተከራከሩ ተምረዋልና። (ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይወቅልኝ።)

አልበርት ማንስብሪጅ የተባለው እንግሊዛዊ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በጸሐፊነት ሥራ የገባ፣ ኋላም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተቀጥሮ ያገለገለ ሰው ነበር። እርሱና ባለቤቱ ፍራንሲስ በ1903 ከቤታቸው ወጪ ሁለት ሽልንግ ተኩል አንሥተው፣ በኋላ የሠራተኞች ትምህርት ማኅበር ተብሎ የታወቀውን ማኅበር መሠረቱ። አሳባቸው ሠራተኛው ደመወዝ የሚያስጨምር የእጅ ሙያ ብቻ እንዲማር አልነበረም፤ በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ለመኳንንት ልጆች የሚሰጠው ከፍ ያለ ትምህርት፣ ታሪኩም ፍልስፍናውም ሥነ ጽሑፉም፣ ሳይቀነስና ሳይቀጠን ለሸማኔውና ለሸክላ ሠሪው እንዲደርስ ነበር እንጂ።

በ1908 ሪቻርድ ሄንሪ ቶኒ የተባለ፣ በኦክስፎርድ የተማረ ወጣት መምህር ይህንን አሳብ በሥራ ለመተርጐም ተላከ። ቶኒ በየሳምንቱ በባቡር እየተጓዘ፣ ዓርብ ማታ ሸክላና ሸኽና በሚሠራበት በሎንግተን፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደግሞ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ በሆነችው በሮችዴል የኢኮኖሚ ታሪክን አስተማረ። የትምህርቱ ሥርዓት የጠበቀ ነበር፤ ተማሪው ለሦስት ዓመት ሳያቋርጥ ለመማር ቃል ይገባል፣ በየዓመቱ 24 ጊዜ ይሰበሰባል፣ በየሁለት ሳምንቱም ድርሰት ጽፎ ያቀርባል። ከሁለቱ ሰዓት የመጀመሪያው መምህሩ የሚናገርበት፣ ሁለተኛው ተማሪው የሚጠይቅበት፣ የሚቃወምበትና የሚያርምበት ነበር።

ይህች ሁለተኛዪቱ ሰዓት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። በእኛ አገር በጉባኤ ቤት ያለፈ ሰው፣ ቀለም በመምህሩ ንባብ ብቻ እንደማይጸና፣ ደቀ መዝሙሩ በተጠየቅ ሲያውክና መምህሩ ሲመልስ ግን ምሥጢሩ እየጠለቀ እንደሚሄድ ያውቃል፤ በሮችዴልም የሆነው እንዲሁ ነው። ቶኒ ስለ ደመወዝና ስለ ዋጋ በመጽሐፍ ያነበበውን ሲናገር፣ ደመወዙን በእጁ የሚቀበለው ሰው ከፊቱ ተቀምጧል፤ ስለ ፋብሪካ ሕግ ሲያስተምር፣ ሕጉ የት እንደሚፈጸምና የት እንደሚጣስ የሚያውቀው ሰው እጁን ያነሣል። ስለዚህ ቶኒ በ1912 ባሳተመው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ስለ ነበረው የእርሻ መሬት ነገር በሚናገረው መጽሐፉ መቅድም ላይ፣ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ የማዕድን ቆፋሪዎችና መካኒኮች በወዳጅነት እየተቹ ከመጻሕፍት በቀላሉ የማይገኘውን እንዳስተማሩት መስክሯል። ይህን ምስክርነት እንደ ትሕትና ንግግር ብቻ የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን እንደ እውነተኛ የዕዳ መግለጫ አየዋለሁ። ያው ሰው የአንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የመኰንንነት ማዕርግ አልቀበልም ብሎ እንደ ተራ ወታደር ዘመተ፣ በ1916 በሶም ጦር ሜዳም ክፉኛ ቆሰለ፤ ከተማሪዎቹ ሕይወት ያልተለየ መምህር ነበርና።

ከቶኒ ፍሬ ይልቅ ግን የኤድዋርድ ቶምፕሰን ፍሬ ጎልቶ ይታያል። ቶምፕሰን በ1948 በሊድስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከቅጥሩ ውጭ ለሚማሩ ሰዎች በተቋቋመው ክፍል ተቀጠረ፤ መኖሪያውንም በሃሊፋክስ አድርጎ፣ የሱፍ ፋብሪካ በሞላባቸው በምዕራብ ዮርክሻየር ከተሞች እየዞረ እስከ 1965 ድረስ ሥነ ጽሑፍንና ታሪክን በማታ አስተማረ። በ1963 የወጣው የእንግሊዝ የሠራተኛ መደብ እንዴት እንደ ተፈጠረ የሚተርከው መጽሐፉ፣ ከ800 ገጽ የሚበልጥ ታላቅ ድርሳን፣ የተጻፈው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ በመቅድሙም ከማታ ተማሪዎቹ ጋራ ስለ ነገሩ ሲወያይ ብዙ እንደ ተማረ ይናገራል። መጽሐፉ የሚጀምረው ከንጉሥ ወይም ከጠቅላይ ሚኒስትር አይደለም፤ በጥር ወር 1792 በለንደን በአንድ መጠጥ ቤት ከተሰበሰቡ ዘጠኝ ሰዎች ነው፤ ከእነርሱ መካከል ቶማስ ሃርዲ የተባለው ጫማ ሰፊ ነበረ፣ የሳምንት መዋጮአቸው አንድ ፔኒ ነበረ፣ የመጀመሪያ ደንባቸውም የአባላቸው ቍጥር ወሰን እንዳይኖረው የሚል ነበረ። ፖለቲካ የባለርስት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ማንም ሰው ይግባ ብሎ በሩን የከፈተው ይህ የጫማ ሰፊ ጉባኤ በታሪክ መግቢያ መቆሙ፣ ለእኔ ከብዙ የጦር ድል የሚበልጥ ክብር ነው።

ስለ ሉዳውያን የጻፈውንም ሳላነሣ አላልፍም። በ1811 እና በ1812 በሰሜንና በመካከለኛው እንግሊዝ በሌሊት እየተነሡ መኪና የሰበሩትን እነዚህን ሰዎች፣ የቀድሞ ጸሐፊዎች አእምሮ የሌላቸው የሥልጣኔ ጠላቶች አድርገው አሳይተዋቸው ነበር። ቶምፕሰን ግን የዮርክሻየሩን ጉዳይ ከሥሩ ሲመረምር፣ የሱፍ ጨርቁን ጠጉር በከባድ መቀስ የሚከረክሙት የሠለጠኑ ሠራተኞች ብዙ ዓመት ሙያቸውን የሚጠብቀው የጥንት ሕግ ይፈጸምልን ብለው ለፓርላማ አቤት ሲሉ እንደ ኖሩ፣ ፓርላማውም በ1809 ያንኑ ሕግ እንደ ሻረባቸው፣ መዶሻውን ያነሡት የአቤቱታው በር ከተዘጋ በኋላ እንደ ሆነ አስረዳ። በሚያዝያ 1812 በራውፎልድስ ፋብሪካ ላይ ያደረጉት ጥቃት ሳይሳካ ቀረ፤ በዚያው ዓመት ፓርላማው መኪና መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው፤ በጥር 1813 በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ። ይህንን ታሪክ ሲያስተምር በፊቱ የነበሩት ተማሪዎች የዚያው አገር ተወላጆች፣ ከፊሎቹም የዚያው የሱፍ ሥራ ወራሾች ነበሩ። እንዲህ ባለ ጉባኤ ፊት የሟቾቹን ስም በንቀት መጥራት አይቻልም፤ ንቀቱ ከወረቀቱም ላይ የጠፋው ስለዚህ ይመስለኛል።

ሁሉ ከማታ ክፍል ወጣ አልልም። ፈረንሳዊው ማርክ ብሎክ በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ወንበር የነበረው ሊቅ ሲሆን፣ በ1931 ባሳተመው የፈረንሳይ ገጠር ታሪክ መጽሐፉ የእርሻውን ቅርጽ እንደ ብራና አነበበው፤ በሰሜን ያለው ረጅምና ቀጭን ማሳ አፈር የሚገለብጠው ባለ ጎማ ከባድ ማረሻ ከሚታረስበት አገር ጋራ፣ የደቡቡ አራት ማዕዘን ማሳ ደግሞ አፈሩን ሰንጥቆ ብቻ ከሚያልፈው ቀላል ማረሻ ጋራ እንዴት እንደሚዛመድ መረመረ። (ይህ ሁለተኛው ማረሻ የእኛው ገበሬ በበሬው ጥምድ የሚያርስበት ዓይነት ነውና፣ የጎጃም ወይም የሸዋ አንባቢ ያንን ምዕራፍ ከፓሪስ አንባቢ ይልቅ ያስተውለዋል።) ብሎክ የጀርመንን ወረራ ሲቃወም ተይዞ በሰኔ 1944 በጥይት ተገደለ። የእርሱ ምሳሌ የሚያሳየው ሊቅ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ማሳው ሲወርድ ታሪክ እንደሚጠራ ነው፤ ይህም ከነገሬ ጋራ አይጣላም።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ነገሩ አንድ ርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ ሠራተኛው ራሱ ጸሐፊ ሆነ። በ1899 ለሠራተኞች በኦክስፎርድ በተመሠረተው በረስኪን ኮሌጅ፣ ራፋኤል ሳሙኤል የተባለው መምህር ተማሪዎቹ ሌላው የጻፈውን ከመድገም ይልቅ ከየሙያቸው የወጣ ምርምር እንዲያደርጉ አዘዘ፤ የባቡር ሠራተኛ የነበረው ስለ ባቡር፣ የከሰል ቆፋሪ የነበረው ስለ ጉድጓዱ ጻፈ፣ ጽሑፎቻቸውም በትንንሽ መጻሕፍት ታተሙ። በስዊድንም ስቬን ሊንድክቪስት በ1978 ባወጣው መጽሐፍ፣ የፋብሪካው ታሪክ የሚጻፈው በባለቤቶቹ ትእዛዝ ስለ ሆነ ሠራተኛው የቆመበትን ስፍራ ራሱ ቆፍሮ ይመርምር አለ፤ ለምሳሌ የወሰደውም የሲሚንቶን ኢንዱስትሪ ነው። ይህን ምክር ተቀብለው በየሥራ ቦታቸው የጥናት ጓድ ያቋቋሙ ስዊድናውያን ብዙ ናቸው።

በዚህ አካሄድ ላይ የሚቀርብ መቃወሚያ አለ፤ ሠራተኛው የራሱን ነገር ሲተርክ ያዳላል፣ የሽማግሌ ትዝታም ይሳሳታል የሚል ነው። እውነት አለበት። የቶምፕሰንም መጽሐፍ የሴቶችን ሥራ እንደሚገባው አላየም ተብሎ በኋላ በመጡ ሴቶች የታሪክ ሊቃውንት ተተችቷል፤ ትችታቸውም የሚገባ ነው። ነገር ግን የኩባንያው መዝገብም ያዳላል፣ የፖሊስ ሰላይ ወረቀትም ይዋሻል፤ ሁሉም ምስክር በሐተታ ሊመረመር ይገባዋል እንጂ፣ የባለጸጋው ምስክርነት በወረቀት ስለ ተጻፈ የድኻው በአፍ ስለ ተነገረ አንዱ ተመርጦ ሌላው ሊጣል አይገባውም።

የሚያሳዝነኝ ግን፣ ይህንን ሁሉ ፍሬ ያፈራው ተቋም በገዛ አገሩ መመናመኑ ነው። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ብዙ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ከቅጥራቸው ውጭ ለሚማሩ ሰዎች ያቋቋሟቸውን ክፍሎች ዘግተዋል፤ ቶምፕሰን ያስተማረበት የሊድሱ ክፍልም ቀርቷል፤ ረስኪን ኮሌጅም በ2021 በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገብቷል። ምክንያቱ ገንዘብ ነው ይባላል። ገንዘቡን የሚቈጥሩት ሰዎች፣ የዘመናቸው ታላላቅ የታሪክ መጻሕፍት ከየትኛው ክፍል እንደ ወጡ ቢያስታውሱ ኖሮ ሌላ ቍጠባ ይፈልጉ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የሠሩትም ታላቅ ስሕተት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ የሚመስለው ካለ፣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትን ያስታውስ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት በምሥራቅ ለንደን ከሠራተኛ ሴቶች ጋራ የታገሉ ነበሩ፤ እርሳቸውም በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት፣ ቶኒ በፕሮፌሰርነት ባገለገለበት ቤት፣ የኢኮኖሚ ታሪክን ተምረው በ1954 ስለ አንድ የሠራተኛ ወገን ፈላስፋ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ፣ በ1968 ስለ አገራችን ኢኮኖሚ ታሪክ የጻፉትን ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። የቶምፕሰን መጽሐፍ የወጣው በዚያው በ1963 ነው፤ በእኛም አገር የሠራተኛ ማኅበራትን ያስተባበረው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ድርጅት የቆመው በዚያው ዓመት ነው።

የድሬዳዋን ምድር ባቡር የፈረንሳዮች ኩባንያ ሠርቶታል፤ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአምስተርዳም የነበረ የሆላንድ ኩባንያ በ1954 ሥራ አስጀምሮታል። ስለዚህ የባቡሩና የፋብሪካው ሠራተኞች ታሪክ የአውሮፓም የሥራ ታሪክ ክፍል ነው፤ የኩባንያው ወረቀት በፈረንሳይኛና በሆላንድኛ ቢገኝ እንኳ፣ የጋራዡን ሥራና የአገዳውን ማሳ የሚያውቀው ምስክር ያለው እዚሁ ነው፣ ዕድሜውም ገፍቷል። በየዩኒቨርሲቲው የታሪክ ትምህርት ክፍል የምታገለግሉ መምህራን ሆይ፣ በድሬዳዋና በወንጂ በሳምንት አንድ ማታ የሚከፈት ክፍል፣ አንድ መምህርና ሠላሳ ወንበር ይበቃዋልና፣ በሚመጣው የትምህርት ዓመት ጀምሩት፤ የመጀመሪያውን ሰዓት እናንተ ተናገሩ፣ ሁለተኛውን ለጡረተኞቹ ስጡ፣ የሚሉትንም በስማቸው ጻፉላቸው።