ሞተሩ ካሳመማችሁ ሽጡት

ከቢቸና ሞጣ በስፖርት ሞተር የሚመላለሱ ወጣቶች «ዶክተር፣ ወገቤን ያመኛል፣ ጣቶቼን ያደነዝዘኛል፣ መርፌ ውጋኝ» ይሉኛል። መርፌው መፍትሔ አይመስለኝም።

የዚህ ሞተር መሪ ዝቅ ያለ፣ እግር ማሳረፊያው ወደ ኋላ የሸሸ ነው፤ ለውድድር ታስቦ ነው። ጎንበስ ስትሉ ክብደታችሁ መዳፍ ላይ ያርፍና ወደ ጣት የሚሄደውን ነርቭ ይጫናል። አንገት ደግሞ መንገድ ለማየት ቀና እንዳለ ይቆያል። በደብረ ወርቅ በኩል ያን ሁሉ መንገድ እንዲህ ሄዳችሁ ባያማችሁ ነበር የሚገርመኝ!

ዳይክሎፌናክ እየዋጡ መንዳት ጨጓራና ኩላሊት ላይ መጫወት ነው። መሪውን ጋራዥ ከፍ አስደርጉት፤ ካልሆነ ሽጡና ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ ተራ ሞተር ግዙ። (ሄልሜቱን እንዳትሸጡት!) ጓደኛ «ፈራ» ቢል ይበል፣ ወገባችሁን አይሸከምላችሁም።

እግር ከዛለ፣ በጭን መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ደላላ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።