የክብር እንግዳው ወንበር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አጭር ልቦለዴ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመች። ታሪኳ የሚፈጸመው ከ100 ዓመት በኋላ በምትኖረው አዲስ አበባ ነው። በአማርኛ የወጣች ጊዜ የቀድሞ ባልደረቦቼ «ምነው፣ በስተእርጅና የልጆች ተረት ጀመርክ?» ብለው ቀለዱብኝ። ሌላ አስተያየት አልሰማሁም።

በትርጉሟ ሳቢያ ግን አሜሪካ ውስጥ የሳይንስ ልቦለድ አፍቃሪዎች በአንዲት ትንሽ ከተማ ለሚያደርጉት ጉባኤ የክብር እንግዳ ሆኜ ተጠራሁ። የክብር እንግዳ ሲባል እኔ የማውቀው ከፍ ያለ መድረክ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛና የፕላስቲክ አበባ ነው። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ 12 ገጽ ንግግር ይዤ ሄድኩ።

ምን መድረክ አለ! አውራ ጎዳና ዳር ያለ ሆቴል፣ ቢበዛ 100 ሰው። ፊቱን አረንጓዴ የተቀባ ጎረምሳ፣ ሹራብ የሚሠሩ አሮጊት። ስሜ ያለበትን ካርድ አንገቴ ላይ ያጠለቀችልኝ አዘጋጅ በሥራ ቀን ነርስ ናት፤ እሷም እንደማንኛውም አባል መዋጮዋን ከፍላለች።

ንግግርህን አምጣ ያለኝ የለም። ወንበር ሰጥተው በጥያቄ ያዙኝ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ተነሣ። ታሪኬ የወጣችበትን መጽሔት ይዟል፤ ኅዳጉ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። «እንጦጦ ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሠርተሃል። ካርታ ሳይ ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ውኃው እዚያ ድረስ እንዴት ነው የሚወጣው?»

ክው አልኩ። ቤቴ ጀሪካን ደርድሬ ፈረቃ የምጠብቅ ሰው የውኃውን ነገር ረስቼዋለሁ! እኔ ስንተባተብ ሌሎቹ ነገሩን ተቀበሉት። አንዱ ስለ ፓምፕ፣ ሌላዋ ስለ ዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ፣ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። እኔን ረሱኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም።

ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤያቸው ሲደረግ የተሰበሰቡት 200 ያህል ሰዎች ነበሩ። ዛሬም አዘጋጆቹ በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች ናቸው። በ1953 የተጀመረውን የሁጎ ሽልማት አሸናፊ የሚመርጡትም የጉባኤው አባላት በድምፃቸው እንጂ የሊቃውንት ኮሚቴ አይደለም። ቤቱ የአንባቢ ነው፤ ደራሲው እንግዳ።

እስቲ ወደ እኛ የመጽሐፍ ምረቃ እንምጣ። የመድረክ መሪው ይናገራል፣ የክብር እንግዳው ይናገራል፣ የደራሲው የልጅነት ጓደኛ ይመሰክራል፣ አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር (ብዙ ጊዜ እኔ ራሴ) ዳሰሳ ያቀርባል፣ ክራር ይመታል። በመጨረሻ «ጊዜ ስላጠረን ጥያቄ አንቀበልም» ይባላል። ጊዜውን ማን በላው? ቢፈቀድስ ማን ይጠይቃል? መጽሐፉ መሸጥ የሚጀምረው ያን ዕለት ነው፤ ያነበበው ሰው አዳራሹ ውስጥ የለም!

«ደራሲው በብድር አሳትሞ ነው፤ ምረቃው ወጪ መመለሻው ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይሽጥ። ግን ከሦስት ወር በኋላ ያነበቡት ሰዎች የሚሰበሰቡበት ሌላ ቀን እንዳናደርግ ማን ከለከለን? ለዚያ አበባም መድረክም አያስፈልግም።

ጥፋቱ ከእኔ ቢጤው ይጀምራል። ክፍል ውስጥ «ጭብጡ ምንድን ነው?» እያልኩ ኖርኩ። «ይኼ ሰውዬ ምን እየበላ ነው ሦስት ቀን የተጓዘው?» ያለኝን ተማሪ አስቄበታለሁ። ዛሬ ሳስበው ከክፍሉ ሁሉ በትክክል ያነበበው እሱ ነበር። ምናብንም ንቀን አስናቅን። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልቦለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ ርእሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። እኛ ግን ልብ የወለዳትን የነገ ከተማ የልጆች ተረት እንላታለን። በልቦለድ ያልጠየቀ አንባቢ ደግሞ ነገ የእውነተኛዋ ከተማ ፕላን ሲቀርብለት ያጨበጭባል እንጂ «ውኃውስ?» አይልም።

የሹፌሩን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩም። ከእንግዲህ ለምረቃ ዳሰሳ አቅርብ ብትሉኝ አልመጣም። ከሦስት ወር በኋላ ጥሩኝ፤ አንብቤ፣ እርሳሴን ይዤ፣ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ።