«ግልጽ ሰው ነኝ» ብዬ ጻፍኩ

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ የትዳር ፈላጊዎች ቻናል አሳየኝ። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ሃይማኖት፣ የትምህርት ደረጃና ሥራ ትሞላላችሁ፤ ከሥር «ራስዎን ይግለጹ» የሚል ቦታ አለ። ሞላሁ። «ቅን፣ ተጫዋች፣ ፈጣሪን የምፈራ፣ ውሸት የማልወድ፣ ግልጽ ሰው ነኝ።» ሥራ የሚለው ላይ ደግሞ «በግል ሥራ የምተዳደር» አልኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ? በኢኮኖሚክስ ከተመረቅኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው በቆጂ፣ እናቴ ቤት ነው። ለድረ ገጾች እጽፋለሁ፤ የሚከፈለኝ ወር አለ፣ የማይከፈለኝ ወር አለ። በማይከፈለኝ ወር የአጎቴን ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ። ውሸት የማልወደው ሰውዬ እንግዲህ ይሄ ነው።

ከላክሁ በኋላ የሌሎቹን ማንበብ ጀመርኩ። ወንዱም ሴቱም ቅን ነው፣ ሁሉም ተጫዋች ነው። ብዙ አነበብኩ፤ አንድ አኩራፊ፣ አንድ ሰነፍ፣ አንድ ቀናተኛ አጣሁ። ታዲያ በየሰፈሩ ሲጣሉ የምንሰማቸው ባልና ሚስት ከየት መጡ? ጉድለታቸውን የጻፉም ነበሩ። «ሰው ቶሎ አምናለሁ» ይላሉ። እሱ ጉድለት ሳይሆን ሙገሳ ነው።

ለፈተና የሸመደድኩት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ጽፏል። የመኪናውን ጉድ ሻጩ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ሻጭ ሁሉ «ምንም እንከን የለውም» ስለሚል ቃሉ ዋጋ ያጣል፤ ገዢው ተጠራጥሮ ዋጋ ይሰብራል፤ ደህና መኪና ያለው ተናዶ ከገበያው ይወጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ማይክል ስፔንስ መልስ የሚሆን ነገር አመጣ፦ ምልክት የሚታመነው፣ ነገሩ የሌለው ሰው ላስመስል ቢል የሚከብደው ከሆነ ነው። «ቅን ነኝ» ብሎ መጻፍ ግን ለቅኑም ለክፉውም እኩል ቀላል ነው።

ይህንን ለማወቅ በቆጂ ውስጥ ዲግሪ አያስፈልግም። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የወጡበት አገር ነው። እዚህ «ጠንካራ ነኝ» ማለት ምንም አያስገኝም፤ ብርድ አለ፣ ዳገት አለ፣ ሰዓት አለ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ማንነቷን በዚያች ዙር አይተናል፤ ራሷን መግለጽ አላስፈለጋትም።

በአያቶቻችን ጊዜ ሽማግሌ ይላካል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ በመሃል ይጠያየቃል። ልጁ ይጠጣል? ከጎረቤት ይጣላል? ይህን የማነሳው ናፍቆኝ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ዘርና ከብት ነበር፤ ልጅቷ ደግሞ ወሬውን መጨረሻ ላይ የምትሰማው እሷ ነበረች። እኛ በራሳችን አፍ የመናገር ዕድል አገኘን። ምን ሠራንበት? ለራሳችን ሽማግሌ ሆነን ተላክን። «ልጃችን ጨዋ ነው» የሚለውን «ጨዋ ነኝ» አልነው፣ በቃ። የድሮው ሽማግሌ ቢያጋንን እንኳ ጎረቤት ያጋልጠዋል፤ እኛን ማን ያጋልጠናል?

እኔን አንዲት የአሰላ ልጅ አጋለጠችኝ። በቻናሉ በኩል የላከችው አንድ መስመር ነው፦ «ግልጽ ነኝ ብለሃል፤ የግል ሥራው ምንድን ነው?»

ሁለት ቀን ተናደድኩ። ከዚያ ጻፍኩላት። የእናቴን ቤት፣ የአጎቴን ሱቅ፣ ባዶ የሚሆነውን ወር ነገርኳት። ብር ስበደር የምመልስበትን ቀን ጽፌ እንደምይዝና እንደማላሳልፍ ነገርኳት። ስጣላ ደግሞ ሦስት ቀን ዝም እንደምል፣ ከእሷ በፊት የነበረችውም በዚሁ እንደሄደች ነገርኳት።

ጓደኛዬ ሲሰማ «አበድክ እንዴ? ሥራ የለኝም ያለ ወንድ ማን ያገባዋል?» አለኝ። ነጥብ አለው። ሴት ስትሆኑ ደግሞ እዳው ይብሳል፤ «ከዚህ በፊት አግብቼ ፈትቻለሁ» ብላ የጻፈች ሴት የምትቀበለውን መልእክት መገመት አያቅትም። ስለዚህ ሁሉን ነገር ሺህ ሰው በሚያየው ቻናል ላይ ዘርግፉት አልልም። ግን ሰውየው ወይም ሴትየዋ ቢያውቁት ውሳኔያቸውን የሚቀይር ነገር ካለ፣ የትራንስፖርት ከፍለው ሊያዩአችሁ ከመምጣታቸው በፊት ይስሙት። «ፊት ለፊት ስንገናኝ እነግራታለሁ» የሚባለው፣ ስትገናኙም «ትንሽ እንላመድ» ይሆናል። ራሴን አውቃለሁ።

መልእክቴን ማንበቧን አየሁ። አራት ቀን ምንም አላለችም። ሥራው ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

በአምስተኛው ቀን ጻፈች፦ «ሥራው አይደለም ያስፈራኝ። ሦስት ቀን ዝም ማለቱ ነው። አባቴ እንደዚያ ነው።»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ቅዳሜ አሰላ እሄዳለሁ።